ባህር የምትለዋ ቃል

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ትንሿ ልጅህስ፣ ጥርስ አበቀለች ወይ? የአባታችን ጉልበት ከበጋው ወዲህ ትንሽ ተሽሎታል። እናታችን ደህና ናት፤ ስምህ በተነሳ ቁጥር ዱዓ ታደርግልሃለች፣ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ስለ እኔ ጤና የጠየቅህ እንደሆነ፣ ለሞተ ሰው እጅግ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ስልክ ላይ ስለምታለቅስ ነው። አንተ ስታለቅስ እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ አቅም የለኝም፤ የተናደድኩበትን ረስቼ አንተኑ ማባበል እጀምራለሁ። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጥር ላይ ከጅዳ ያባረሩንን ይዞ የመጣው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካወረደን በኋላ በሦስተኛው ቀን ሐይቅ ገባሁ። እናታችን በር ላይ ስታየኝ ምን እንደሆነች ነግራሃለች፣ አልደግመውም። ራሷን ስትስት ውሃ ላመጣላት ወደ ውስጥ ስገባ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ ወረቀት አየሁ። ስዕል አለበት። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ቅርፊት የለበሰች፣ ጀርባዋ የጎበጠ የሽሪምፕ ዘመድ፣ በትልቁ ተስላ። ወዲያው አወቅኋት። ከስሯ ደግሞ የራሴ ስም፣ «ኤ» የሚል ጭራ ተቀጥሎበት፦ ኑርሀያታኤ።

በማግስቱ ሁለታችንንም ባዮሎጂ ያስተማሩን መምህር ሙሉጌታ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ሊሉኝ መጡ። ወረቀቱ አንተ መጽሔት ላይ ያወጣኸው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ነውና አውርጄ ያንብቡልኝ አልኳቸው። በዓለም ላይ ከሐይቅ ባህር በቀር የትም ያልተገኘች አዲስ ዝርያ ናት ይላል። የሰበሰበቻት የጸሐፊው ሟች እህት ስትሆን፣ ያገኘቻትም ከእስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት ካለው ደንገል ውስጥ ነው፣ ጥር 2012። ስያሜው ለሟቿ መታሰቢያ ነው። እዚህ ላይ መምህር ሙሉጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን መለሱልኝ። የሕይወት ብርሃን ማለት ነው ብሎ ይህን ስም ያወጣልኝ አባታችን አጠገባችን ተቀምጦ መረቡን ይጠግን ነበር።

ጥር 2012 እኔ የት ነበርኩ? ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲጨፍር አንተ ዩኒቨርሲቲ ገባህ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ጅዳ ሄድኩ፤ ጥር 2012 እዚያ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ደንገል ውስጥ ምን ልሠራ እመጣለሁ?

ጠርሙሷን እንዴት እንደላክሁልህ ልንገርህ፣ ረስተኸው ከሆነ። አርብ አርብ የምሠራበት ቤት ሰዎች ወደ ባህሩ ዳርቻ ሲሄዱ ልጆቻቸውን እንድጠብቅ ይወስዱኝ ነበር። ልጆቹ ሲዋኙ እኔ ድንጋይ እገለብጣለሁ። እዚህ ልጅ ሆነን እንደማደርገው፤ አንተ ብርጭቆ ትይዝልኝ አልነበር? አንድ ቀን ከድንጋይ ስር፣ ባህር ውስጥ በሚበቅለው ሣር ላይ እነዚያን ጎባጦች አገኘኋቸው። ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ አልኮል ሞላሁባቸው። በፕላስተር ላይ «ከባህር፣ ጥር 2012፣ ኑርሀያት» ብዬ ለጠፍኩበት። ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ በእሱ ጠቀለልኳት። ጅዳ መሆኑን፣ ውሃው ምን ያህል ጨዋማ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ ጻፍኩ። እግሯን ቆጥሬ ሰባት ጥንድ አልኩ። የፊት እጆቿ ከረሜላ ደብቆ አልሰጥም ያለ ሕፃን ጡጫ ይመስላሉ፣ አንተን አስታወሰችኝ ብዬም ቀለድኩብህ። ይዛልህ የመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ስህን ናት፤ የካቲት ላይ ጠርሙሱንም ወረቀቱንም በእጁ ሰጥቼዋለሁ ትላለች። ስህን መቼም ብዙ ነገር ትረሳለች።

መምህር ሙሉጌታ ወረቀቱን ያነበቡልኝ ዕለት ማታ ስደውልልህ አለቀስክ። ስትጨርስ ስለ ጠርሙሷ ጠየቅሁህ። ወረቀት የሚባል አላየሁም፣ የደረሰኝ «ከባህር» የሚል ጠርሙስ ብቻ ነው አልከኝ። እኛ አገር ሐይቁን ባህር አይደለም ወይ የምንለው፣ አባታችን ባህር ወረድኩ ሲል ቀይ ባህር መሄዱ ነው ወይ አልከኝ። አመንኩህ። ደንገሉን ከየት እንዳመጣኸው እንኳ አልጠየቅሁህም። ታዲያ አስተካክለው ስልህ፣ አሁን እርማት ከጻፍኩ የደረጃ ዕድገቴ ይቀራል፣ እባክሽ አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ አልክ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። አንድ ዓመት ሙቺልኝ እያልከኝ ነበር።

መሞቴን ለመሆኑ ከማን ሰማህ? ጥቅምት 2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ፣ ሰዉ ወደየተራራው ሸሸ። እኔ ስልኬን ተነጥቄ ጅዳ እስር ቤት ነበርኩ፣ እስኪያባርሩን ድረስ። መስመሩ ሲመለስ አንዲት ከስደት ተመላሽ «ከአምባሰል በኩል የመጣች ልጅ እስር ቤት ሞተች» ብላ ወሬ አመጣች። ስሟ ማን ነው ብለህ አልጠየቅህም። ሀውራ ትባላለች፣ የውጫሌ ልጅ ናት፣ አጠገቤ ተኝታ ነው የሞተችው። ባለፈው ወር በባጃጅ ውጫሌ ሄጄ እናቷን እስካረዳ ድረስ ልጄ ትመጣለች ብላ እየጠበቀች ነበር። የእኛዋ እናት ግን ሬሳዋን ሳላይ ሰደቃ አላወጣም ብላ እንቢ አለች። አንተ ተምረሃል፣ መጽሔት ላይ አወጣኸው።

ይህ ሁሉ የእኔ ነውና ልተወው እችል ነበር። የአባታችንን ግን አልተውልህም።

ወረቀትህ ከወጣ በኋላ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ደንገሉን በእሾሃማ ሽቦ አጠረው። «ይህ ስፍራ ለብርቅዬ ፍጥረት የተከለለ ነው» የሚል ሰሌዳ ተክሏል። አባታችን አርባ ዓመት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠመደበት፣ አንተንም እኔንም ያሳደገበት ቦታ ነው። በጦርነቱ ታንኳውን ፈልጠው ማገዶ አድርገውበት ሲመለስ ሌላ ሠራ። ያኔ ከውሃው የራቀው ሁለት ወር ነበር፤ ባንተ ወረቀት ምክንያት ሰባተኛ ወሩን ይዟል። አዲሷ ታንኳ ጓሮ ተደፍታለች፣ ዶሮዎች ስሯ ይፈለፍላሉ። እሱ ግን አንድ ቀን አላማረረም። ጎረቤቶቻችን በሽቦው ስር መረብ ሊያሾልኩ ሲሞክሩ የሚቆጣቸው እሱ ነው። የልጄ መታሰቢያ ናት፣ እንዳትነኳት ይላቸዋል። አሁን እኔ ከመጣሁ በኋላ እንኳ፣ ልጅ ሳለሽ ያገኘሻትን አስጠብቄልሻለሁ ይለኛል። ከጅዳ ናት ብዬ ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

መጋቢት ላይ አጥኚዎች ነጭ መረብ ይዘው መጥተው ሦስት ቀን ውሃውን ሲያጠልሉ ዋሉ። ምንም የለም። ሲሄዱ ዓሣ አጥማጆቹ ሳያጠፏት አልቀሩም ብለው ለሰው ነገሩ። አባታችን ይህን ሰምቶ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እስኪ ንገረኝ፣ ያልነበረን ነገር ሰው እንዴት አድርጎ ያጠፋል?

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ፍጥረቷ የባህር ናት፣ የጨው ውሃ፣ ያገኘኋትም እኔ ነኝ አልኩት። ፋይሉን ገልጦ አየና ሰብሳቢዋ ሞታለች አለኝ። መታወቂያዬን አሳየሁት። የስም መመሳሰል ይሆናል አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሻይም ጋብዞኛል፤ ብቻ ጸሐፊው በእጁ ካልጻፈልኝ ሽቦውን ማንሳት አልችልም አለ። ስለዚህ የገደልከኝ አንተ ነህና የምታስነሳኝም አንተ ነህ።

ባለፈው ሳምንት መምህር ሙሉጌታ ሙሉውን ጽሑፍ ከአንድ ዘመዳቸው አስልከው፣ አሥራ ሁለቱንም ገጽ ተርጉመው አነበቡልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁብህ። በእግሯ ላይ ያለውን ፀጉር ሳይቀር አንድ በአንድ ቆጥረሃል። ስለ ፊት እጆቿ የጻፍከው ጋ ሲደርሱ መምህር ሙሉጌታ ሳቁ። የሳይንስ ጽሑፍ እንዲህ አይልም፣ ልጁ ጸሐፊ መሆን ነበረበት አሉ። «ጣፋጭ ነገር ደብቆ አልሰጥም ያለ ሕፃን ጡጫ ይመስላሉ» ይላል። ድገሙልኝ አልኳቸው፣ ደገሙልኝ።

መንገዱ ስለተዘጋ መምጣት አልቻልኩም ብለሃል። ለአውቶቡስ ተዘግቶ ይሆናል፣ ለኢሜይል አልተዘጋም። ክረምቱ ሳይገባ ለመጽሔቱም ለፕሮጀክቱም ጻፍ። ባህሩ የጅዳ ባህር ነው፣ እህቴም በሕይወት አለች በል። ሁለቱንም መጻፍ ከከበደህ የውሃውን አስቀድም፤ እኔ መሞቱን ለምጄዋለሁ፣ አባታችን ግን በጓሮ በኩል ባለፈ ቁጥር ታንኳዋን በእጁ መታ መታ ሲያደርጋት ማየት አልለመድኩም።

ምን ብዬ ልጻፍ ካልክም መንገድ ትቼልሃለሁ። ባህር የምትለዋ ቃል አሳሳተችኝ በል። እዚህ አገር ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው፣ ማንም ያምንሃል። እኔንም ቢጠይቁኝ ልክ ነው እላለሁ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝምልህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጅህን አላህ ያሳድጋት፣ እጇን ዘርግታ የምትሰጥ ያድርጋት። መልስህን እጠብቃለሁ።

ስለ ጡጫው ለማንም አልናገርም።

ታላቅ እህትህ፣
አባታችን ቤት ያለችው