ሰርጉን በዱዓ ስለበተነው የዜማ ጎተራ ዘፈን

ለተከበሩ የ«ዜማ ጎተራ» የዲጂታል ሙዚቃ መሸጫ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ነጋ ጂርቱ? ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬን በሦስት ቋንቋ ማድረጌ አንዱ መንገድ ላይ ቢቆራረጥ ሌላው በደኅና እንዲደርስዎ ነው፤ ከድርጅትዎ ጋር ከተዋወቅን ወዲህ ጥንቃቄ ለምደናል። እርስዎ እንደምን ከረሙ? ቤተሰብ፣ ሠራተኞችዎ፣ ኮምፒዩተሮችዎ ሁሉ አማን ናቸው? ከሁሉም በላይ ጆሮዎ ደኅና ነው?

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ወገን ሁሉ አንድ ከባድ የሐዘን ዜና በታላቅ አክብሮት አረዳለሁ። ባለፈው እሑድ፣ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የዓስር ሶላት ቀጥሎ፣ በከሚሴ ከተማ፣ በአቶ ጀይላን ግቢ፣ ከድርጅትዎ የተገዛ አንድ የሙሽራ መቀበያ ዘፈን ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ በድንገት አርፏል። ሟች ጥቂት ቆይቶ ተነሥቷል፤ ወዲያውም ደግሞ ሞቷል። ከዚያ በኋላ በ«የሰርግ ልዩ ጥቅል» አብረውት የተገዙት ወንድምና እህቶቹ በየተራ ተከትለውታል። ለድርጅትዎ መጽናናትን እመኛለሁ።

እኔ ነጂብ ኢሳ እባላለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ በመጻፍ ነው። በባል ላይ ጽፌያለሁ፣ በሚስት ላይ ጽፌያለሁ፣ ድንበር በገፋ ጎረቤትና እሸት በበላ በሬ ላይም ጽፌያለሁ። በዘፈን ላይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ሥርዓቱን ብስት ይቅር ይበሉኝ።

የልጅ ልጄ ሁዳ ዲጄ ናት። በእኛ አገር ሰርግ የወንዱ ዳስ ለብቻ፣ የሴቱ ዳስ ለብቻ ስለሚጣል፣ ቀድሞ ወንዱ ዲጄ ከመጋረጃው ውጪ ቆሞ «የቱን ልክፈት?» እያለ ሲጮህ፣ ሴቶቹም ከውስጥ የማይሰማውን ሲመልሱለት ነበር የምንውለው። ሁዳ ሙያውን ስትይዝ እናቶች ከዚህ ጣጣ ተገላገሉ። እሷ ገብታ መሐላቸው ትቆማለች፤ ያሻቸውን ትከፍትላቸዋለች። የሙያ ጓደኞቿ ዘፈን በስልክ ከስልክ በነፃ ሲቀባበሉ እሷ ግን «የድምፃውያኑን ሐቅ አልበላም» ብላ ከእናንተ ገዛች። ታዲያ ሐቅ ፈርታ የገዛችው ዘፈን ሲያንኮራፋ፣ በነፃ የተቀባበሉት የጓደኞቿ ዘፈን ግን እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራል። ድርጅትዎ ለወጣቱ ትውልድ ስለሰጠው የሥነ ምግባር ትምህርት ከልብ እናመሰግናለን።

አሁን፣ ከፈቀዱልኝ፣ ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፦ ሳይገዙ እንዲደመጥ ድረ ገጻችሁ ላይ ያኖራችሁት ናሙና እጅግ ያማረ ነው። እኔም ሰምቼው የክራሩ ክር ጣቴ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር። የተገዛው ዘፈን በሰርግ ስፒከር ሲለቀቅ ግን ድምፃዊው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጭብጨባውም የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ያለ ይመስል ቸስ ይላል። በጨፋ ሮቢት ገበያ ከጆንያው አፍ ላይ ምርጥ ማሾ አንጥፎ ሥሩን በገለባ የሚሞላ ነጋዴ አውቃለሁ፤ እሱ እንኳ እጅዎን እስከ ክርንዎ አስገብተው ቢፈትሹ የመከልከል ድፍረት የለውም። ሁዳ እንደምትለው ፋይሉ በመጠኑ ግዙፍ ነው፤ ኮምፒዩተሯን ሞልቶታል፤ ውስጡ ያለው ድምፅ ግን ቀድሞ ቀጥኖ ያለቀ ነው። አንድ ኩባያ ወተት በርሜል ውስጥ ገልብጦ «አንድ በርሜል ወተት» ብሎ መሸጥ ከእናንተ በፊት ማንም ያላሰበው ጥበብ መሆኑን እመሰክራለሁ።

ሁለተኛ፦ ድምፃዊውን በአንድ በኩል፣ ከበሮውን በሌላ በኩል አድርጋችሁ ስለለያያችሁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንዱ ስፒከር ወንዶች ዳስ፣ ሌላው ሴቶች ዳስ እንደሚቆም ማን እንደነገራችሁ አላውቅም። ባል ከሚስቱ ሲለይ አይተናል፤ ዘፈን ከከበሮው ሲፋታ ግን በዚህ ሰርግ ነው ያየነው። ሴቶቹ ያለ ከበሮ እየዘፈኑ፣ እኛ ወንዶቹ ደግሞ ያለ ዘፈን ከበሮ ብቻ እየሰማን፣ አዋጅ እንደሚጠብቅ ሰው ተፋጠጥን። የልጄ ሚስት ፋሪዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ ምን አጥፍታችሁ ነው ከበሮ ብቻ የተፈረደባችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያው ዘፈን ሹክሹክታ ስለሆነ ሁዳ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ቀጣዩ ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ጩኸት ይዞ መጣ፤ ለሰርጉ ከባቲ ገበያ ተገዝቶ አጥር ሥር የታሰረ ግመል ገመዱን በጥሶ፣ አጥሩን በአንድ ዝላይ አልፎ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ አቅጣጫ ተፈተለከ። አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር በድምፅ ማመጣጠን ለእናንተ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ለግመሉም ከብዶት ነበር።

አራተኛው ጉዳይ የቀረውን ሁሉ የሚያስረሳ ስለሆነ፣ እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

በእኛ ዘንድ ሰርግ ላይ ሙዚቃ በድንገት ከቆመ ትርጉሙ አንድ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሊያደርግ ነው ማለት ነው። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ድምፁ ሲጠፋ የተነሣው ይቀመጣል፣ የጎረሰው ይውጣል፣ መዳፍ ሁሉ ይዘረጋል። የእናንተ ዘፈን ደግሞ፣ አላህ ይስጣችሁ፣ በመሐሉ ልክ አንድ ዱዓ የሚያህል ክፍተት አለው። ዘፈኑ ቀጥ ሲል ጀመዓው በሙሉ መዳፉን ዘርግቶ ወደ ሸህ ዘይኑ ዞረ። ሸህ ዘይኑ የልጅነት ጓደኛዬና የሰፈራችን ታላቅ አባት ነው፤ የተዘረጋ መዳፍ አይቶ ዝም የማለት አመል የለውም። ሙሽሮቹን «ውለዱ፣ ክበዱ» ብሎ መረቀ። እኛም «አሚን» አልን። ዘፈኑ ተነሣ። ወዲያው ደግሞ ቆመ። ሸህ ዘይኑ እንደ መገረም ብሎ ለዝናብ ዱዓ አደረገ። ሦስተኛው ላይ ለአገር ሰላም፣ አራተኛው ላይ ለከብቱ፣ ከዚያ ቀጥሎ ለመንገዱ፣ ለመብራቱ፣ ለባጃጅ ነጂዎች ልቦና። በመጨረሻ የሚለምነው ነገር ሲያልቅበት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ነጂብ፣ ይቺ ልጅ ደጋግማ የምታስቆመው፣ አሳርጉና ወደየቤታችሁ ሂዱ እያለችን ነው መሰል» አለኝ። እኔም «አብሽር፣ ይሆናል» አልኩት። ሴቶች ዳስ ገብቼ ሁዳን መጠየቅ አልችልማ።

ሸህ ዘይኑ ማሳረጊያውን ረጅም ዱዓ አደረገ።

እርስዎ የእኛን አገር ወግ ላያውቁ ይችላሉና ላስረዳዎት፤ ማሳረጊያ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ተመልሶ መቀመጥ ነውር ነው። ሰዉ ፊቱን በመዳፉ አበሰ፣ ጫማውን ፈለገ፣ ወጣ። ሥጋው ገና ድስት ውስጥ ነው፤ ሙሽሪት ገና አልወጣችም። የሙሽሪት አባት ጀይላን የሩዝ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆሞ፣ «ያ ጀመዓ! ኧረ በአላህ፣ ምግቡ ገና ነው!» እያለ ቢለምን፣ እንግዳው ሁሉ በጨዋ ደንብ «አላህ ይጨምርልህ፣ ጠግበናል» እያለ አለፈው። ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ሁሉ ጠግቦ ሄደ! ይባስ ብሎ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በሚኒባስ ጥሩምባ እያስነፋ ሲደርስ፣ የሚመለሰው እንግዳ መንገድ ላይ በመስኮት እየጨበጠው፣ «መብሩክ! በጣም ያማረ ሰርግ ነበር» ብሎታል። ሙሽራው በገዛ ሰርጉ አርፍዶ የደረሰ መስሎት ሲደነግጥ ላየው፣ አንጀት ይበላ ነበር።

ሁዳ በማግሥቱ ለድርጅትዎ አቤት አለች። ፈጣን መልስ ስለሰጣችሁ እናመሰግናለን። መልሱ «ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ የጆሮ ማዳመጫዎን ይፈትሹ» ይላል። ለሰርግ ታዳሚው ሁሉ አንዳንድ የጆሮ ማዳመጫ ለማደል ካሰባችሁ ሐሳቡን እደግፋለሁ። እሷ ግን በጓደኛዋ ነፃ ዘፈን ያንኑ ስፒከር ፈትሻዋለች፤ ስፒከሩ እንደ ወፍ ይዘምራል። ይህንን ብትጽፍላችሁ ሁለተኛው መልስ ያው የመጀመሪያው ሆኖ መጣ፤ ቢያንስ መልሳችሁ ሳይቆራረጥ መድረሱ አስደስቶናል።

እስካሁን የጻፍኩት ለሳቅ ነው ብለው ቢያልፉት አልቀየምም። ይህን ግን አይለፉት። የከሚሴ ሰው እናንተን የት ያገኛችኋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና ነገሩ፣ ሁሉም የሚያየው ሁዳን ነው። ስሟ «ዲጄ አሚን» ሆኗል። የባጃጅ ነጂው ሳይቀር ስታልፍ መሪውን ለቆ መዳፉን ይዘረጋል። ሁዳ ትስቃለች። ያሳደግኳት ግን እኔ ነኝና የትኛው ሳቅ ከሆዷ፣ የትኛው ከጥርሷ እንደሆነ አውቃለሁ። ለመጪው እሑድ ባቲ ላይ ረቢአ የምትባል ልጅ ሰርግ ተይዞላት ነበር። የረቢአ አክስት ወይዘሮ ኡምኩልሱም የከሚሴውን ወሬ ሰምተው፣ «እኔ በግ አርጄ እንግዳዬን በዱዓ አላስበትንም፤ ከኮምቦልቻ ወንድ ዲጄ ይምጣ» ብለዋል። እስከ ሐሙስ እናስብበት ብዬ በሽማግሌ ለምኛቸዋለሁ። ይህ ሰርግ ከቀረ ከእንግዲህ ሁዳን የሚጠራ አይኖርም፤ ሴቶቹም ወደ መጋረጃው ጩኸት ይመለሳሉ።

ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከሐሙስ በፊት ናሙናውን የቀዳችሁበትን እውነተኛውን ዘፈን፣ ሙሉውን፣ ሳይሞት፣ ሳይፋታ ላኩልን። ከዚያም በድርጅትዎ ማኅተም «ጥፋቱ የፋይሉ እንጂ የዲጄዋ አይደለም» የሚል አንዲት መስመር ጻፉላትና ለወይዘሮ ኡምኩልሱም ላንብብላቸው። አንድ መስመር መጻፍ ቢከብዳችሁ፣ እኔ አርቅቄ እልክላችኋለሁ፤ እናንተ ማኅተሙን ብቻ ምቱ። ለውድ ደንበኛ ዋጋ አልጨምርም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ንግድዎን ይባርከው፣ ልጆችዎ ሲዳሩ ዘፈኑን ከራስዎ ድርጅት የመግዛት ዕድል ይስጥዎ እያልኩ፣ «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬና ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ የዲጄ ሁዳ አያት፣
ነጂብ ኢሳ
ከሚሴ

ይድረስ ግልባጭ፦ ለጆሮ ላለው ሁሉ።

ማስታወሻ፦ አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በእያንዳንዱ ማመልከቻ አንዲት ቅመም ጣል ማድረግ ልማድ ሆኖብኛል። ሁዳ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው አንብባ ተቆጣችኝና እውነቱን እናገራለሁ፤ ዱዓዎቹ እውነት ናቸው፣ ጀይላን ከነትሪው እውነት ነው፣ ሙሽራውም እውነት ነው። ግመል ግን አልነበረም። ዘፈኑ በድንገት ሲጮህ ምርኩዙን ጥሎ አጥሩን የዘለለው እኔ ነኝ፤ ከቦርከና መንገድ ላይ አሳድደው የመለሱኝም የሙሽሪት ወንድሞች ናቸው። እንግዲህ እኔ የፈጠርኩትን አንዱን ነገር በአደባባይ አምኛለሁ። እርስዎም በየዘፈኑ ሥር ከጻፋችኋቸው ሦስት ቃላት፣ «ከፍተኛ የድምፅ ጥራት»፣ የትኛውን እንደፈጠራችሁት እንዲሁ ቢነግሩን ደስ ይለናል።