ሙሉ ሴት

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ይሄ "ሴት" የሚሉት እንግሊዝኛ ዛሬ አንገሸገሸኝ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሴት የሚባለው መረብ ኳስ ላይ ብቻ ነበር። አሁን የማይገባበት የለም።

የታናሽ እህቴ የሂሩት እጮኛ ማስታወቂያ ቀራጭ ነው። የጥሎሽ ወርቅ እንምረጥ ብሎ ፒያሳ ቀጠረንና ራሱ ቀረ። ስትደውልለት "ሴት ላይ ነኝ" አላት። ቀረጻ ላይ ነኝ ማለቱ ነው አሉ። አማርኛው ምን በደለው?

በእሱ ፈንታ እናቱ መጣች። ወርቅ ሻጩ ሐብሉን፣ ጉትቻውን፣ አምባሩንና ቀለበቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ "ይሄ ሙሉ ሴት ነው" አለ። ሴትዮዋ ሂሩትን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻትና "ሙሉ ሴትማ ለሷ ይበዛል፤ ቀለበቷ ይበቃታል" አለች። ልጅቷ እኮ አጠገቧ ቆማለች! ጨዋነቷ እዚህ ድረስ ነው።

አፌን መያዝ አልቻልኩም።

"እማማ፣ ሙሉ ሴት ከበዛባችሁ ልጅዎ ግማሽ ይፈልግ" አልኳት።

ወርቅ ሻጩ ሳቁን ሊደብቅ ሚዛኑ ላይ አጎነበሰ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ውልቅ አለች። እሰይ!

ታክሲ ውስጥ በራሴ ቀልድ ብቻዬን ስፍለቀለቅ ሂሩት በመስኮት ታያለች። አፍንጮ በር ልንደርስ ስንል፦

"ለመሆኑ እሱ የትኛዋ ሴት ላይ ነው?" አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ ፊቷን አየሁት።