ከሱፍ የተሠራው ነርቭና ያንተ ቋጠሮ

ውድ ባለቤቴ ጌታነህ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ወሬ ላርም። እዚህ ዘመሮ ውስጥ አስናቁ ከሞተ ባሏ ጋር ታወራለች እየተባለ ነው። ሐሰት ነው። ከተለየኸኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ድምፅ አውጥቼ አላናገርኩህም። ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያዬ ነው።

የወሬው ምንጭ ጎረቤታችን አስካለ ናት። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ስጠርግ ሳስተምራቸው የኖርኩትን የነርቭ ሴል ክፍሎች በቃሌ እደግማለሁ። የሴል አካል፣ ዴንድራይት፣ አክሶን እያልኩ እስከ ጫፉ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ከጫፉ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ራሴን መፈተኔ ነው። አስካለ በአጥር ሰምታኝ ዴንድራይት የአንድ መንፈስ ስም መስሏታል። ጠበል እንድትወስደኝ ለልጃችን ለሰናይት ደውላ ነግራታለች።

ከገበያ ስትመለስ መንገድ ጠፍቷት ሰው መርቶ አስገባት የሚሉም አሉ። ይህም ስህተት ነው። መንገዱ አልጠፋኝም፤ የጠፋኝ አንድ ቃል ነው። እንዝርት ልገዛ ሄጄ ሻጯ ፊት ስቆም ስሙ አልመጣልኝም። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በእጄ የያዝኩት ነገር ነው። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አልመጣም። በመጨረሻ ጣቴን አሽከረከርኩላት። እሷም፣ እማማ እንዝርት ነው የፈለጉት፣ ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ደንግጬ ሳልገዛ ተመለስኩ።

ለምን እንደደነገጥኩ አንተ ታውቃለህ። ያንተም የመርሳት በሽታ የጀመረው በመወርወሪያ ነው። ዕድሜህን ሙሉ በድሩ መሃል ስትወረውረው የኖርከውን ዕቃ አንድ ቀን "ያንን ነገር አቀብይኝ" አልከኝ። እኔም ዕቃ ሁሉ ስም አለው ብዬ ሳላቀብልህ ቆሜ ጠበቅሁህ።

ሰናይት ከዓለም ከተማ መጥታ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። ሦስት ቃላት ነግሮኝ ሌላ ሌላ ነገር ካወራን በኋላ መልሼ እንድነግረው ጠየቀኝ። ማንኪያ አልኩ፤ ደመና አልኩ፤ ሦስተኛው የለም። ከዚያ ስለ ነርቭ ሴል ሊያስረዳኝ ጀመረ። አላቋረጥኩትም። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ስለ አክሶኑ ሽፋን መናገር ብቻ ረሳ። መርሳት ሁሉ ያንተ በሽታ አይደለም፣ የቫይታሚን እጥረትም ሐዘንም ያስረሳል ብሎ ደም አስቀዳልኝ። ውጤቱ ነገ ነው። ሦስተኛውን ቃል ሰናይት ታውቀዋለች፤ እንዳትነግሪኝ ብዬ ከልክያታለሁ። በልጅነቴ እንደዚያ ነው የተቀጣሁት፤ የጓደኛውን መልስ የሰማ ተማሪ ዜሮ ነበር የሚያገኘው። እነሆ ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው ከረምኩ።

ያንን ሱፍ ታስታውሳለህ፣ ለስምንተኛ ክፍል ማስተማሪያ አብረን የሠራነውን። ትምህርት ቤቱ የነርቭ ሥዕል አልነበረውም፤ አንተ ግን ሱፍ ነበረህ። ጥቁሩን ሱፍ አድቦልቡለህ የሴሉን አካል ሠራህልኝ። ከዙሪያው ያልተፈተለ ሱፍ እንደ ሥር እየጎተትክ መልእክት የሚቀበሉትን ዴንድራይቶች አወጣህ። መልእክቱን ይዞ የሚሄደውን ረጅሙን ክር፣ አክሶኑን፣ እኔ ፈተልኩ። በላዩ ነጭ ሱፍ ጠምጥም፣ በየመሃሉም ትንሽ ባዶ ቦታ ተው ስልህ ቅር አለህ። ሽፋኑ መልእክቱን እንደሚያፈጥን፣ ባዶዎቹም ቦታዎች ሥራ እንዳላቸው ነግሬህ እሺ አልክ።

እሺ ያላልከው ሁለተኛውን ሴል ስንሰቅል ነው። የአንዱ አክሶን ጫፍ ከሌላው ዴንድራይት ጋር እንዳይነካካ አልኩህ። አንተ ሸማኔ ነህ፤ ተበጥሶ የተንጠለጠለ ክር አይተህ ማለፍ አይሆንልህም። በማግስቱ ተማሪዎቼ ፊት ሳወጣው ሁለቱ ሴሎች በዚያ በማይላላው ቋጠሮህ ተያይዘው አገኘኋቸው። እዚያው ፈታሁት፤ ቤት ስመለስም ተቆጣሁህ። አንተም ሳይያያዙ ወሬ እንዴት ይደርሳል ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም እንደ ተማሪ አስቀምጬ አስረዳሁህ። መልእክቱ በአክሶኑ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥቃቅን ከረጢቶች ኬሚካል ይለቃሉ፤ ኬሚካሉ ዓይን የማያየውን ክፍተት ተሻግሮ በወዲያኛው ሴል ላይ የሚቀበለውን ያገኛል። አንዱ ካልለቀቀ ወይም ሌላው ካልተቀበለ ነገሩ እዚያው ይቀራል አልኩህ። ከዚያ ወዲህ አኩርፌ ዝም ባልኩ ቁጥር "ዛሬም ክፍተቱ ሰፋ?" ትለኝ ነበር። ሳልወድ ያስቀኝ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ሱፉን መለሱልኝ፤ ከሽመና ጉድጓድህ በላይ ሰቀልነው። በመጨረሻው ዓመትህ ሽመናው ከእጅህ ጠፋ፣ ቋጠሮው ግን አልጠፋም። የነጠላዬን ዘርፍ ከወንበሩ ጋር ቋጥረህ ስነሳ ወንበሩ ተከትሎኝ ያውቃል። አንድ ቀንም ሁለቱን ሴሎች እንደገና አያይዘሃቸው አገኘሁ።

በዚያው ሰሞን ነው እትዬ ብለህ መጥራት የጀመርከኝ። ያሳደገችህ ታላቅ እህትህ መስዬህ ነው። ጠዋት ጠዋት ዱሮ የሸመንከውን የሱፍ ባና አምጥተህ ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርግና ትጠይቀኛለህ፦

"እትዬ፣ ብርድ አልገባሽም?"

እኔ ደግሞ አርምህ ነበር። እህትህ ሞታለች፣ እኔ ሚስትህ አስናቁ ነኝ፣ ስሜን በል እልህ ነበር። ሦስት ጊዜ አስደግምሃለሁ። ዓይንህን መሬት ላይ ትተክል ነበር። እያደር ባናውን ብቻ እያለበስከኝ መጠየቁን ተውክ። ከዚያም ባናውንም ተውክ። እስክትሞት ድረስ በእኔም ስም ሆነ በእህትህ ስም አልጠራኸኝም።

ስሙ ተሳስቷል፤ ጥያቄው ግን ልክ ነበር። መንዝ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ብርድ ገብቶኝ ነበር። አንተ የቀረህን ሁሉ አሟጠህ መልእክቱን ለቅቀሃል። ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስለዚያ ክፍተት ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ሴት።

ይህን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ሰናይትን በሟች እህቴ ስም ጠራኋት። ልጅህ በእኔ ወጥታለች፤ ወዲያው "ሰናይት ነኝ፣ እማዬ" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ምን ልጠይቃት እንደነበር ጠፋኝ፣ ዓይኔም መሬት ላይ ወደቀ። ያኔ አንተ መሬት ላይ ምን ታይ እንደነበር አየሁ። ከመርሳቱ ይልቅ አሁን የምፈራው ይህንን ነው፤ እየታረምኩ እየታረምኩ ዝም ማለቴን።

ስለዚህ በአንድ ገጽ ጻፍኩላት። በስምሽ ካልጠራሁሽ አታርሚኝ፣ የጠየቅሁሽን መልሽልኝ ብዬ። አንብባ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

የቤቱን ነገር ጠይቀኸኝ ቢሆን፣ የሽመና ጉድጓድህ አልተደፈነም። እንዳልወድቅበት ሰናይት ሳንቃ አልብሳዋለች። ቋጠሮህንም አልፈታሁትም። ስህተት መሆኑን ግን በወረቀት ጽፌ ከሥሩ ለጥፌያለሁ፤ የሚያየው ሰው እንዳይሳሳት።

አልረሳህም ብዬ ቃል መግባት ነበረብኝ። የማልችለውን ቃል መግባት አልተማርኩም። በያዝኩት ልክ ግን እይዝሃለሁ። ስምህ ቢጠፋኝ እንኳ ብርድ ስለገባው ሰው መጠየቅ ከማን እንደተማርኩ እጄ ሳያውቀው አይቀርም፤ ቋጠሮው ካንተ እጅ አልጠፋም።

ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ሰናይትን ሦስተኛውን ቃል እጠይቃታለሁ። ዜሮዬን እቀበላለሁ። ቀጥዬ የቤቱን ቁልፍ ለአስካለ እሰጣትና ዴንድራይት ማን እንደሆነ እነግራታለሁ። ከዚያ ባናህን ደርቤ ለውጤቱ ወደ ደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ እወጣለሁ። መንገድ ላይ ሰናይት ብርድ ገባሽ ወይ ካለችኝ፣ በማንም ስም ትጥራኝ፣ አዎ ገብቶኛል እላታለሁ።

አስናቁ