ሰርቨሬ በዴስክቶፕ የተሸነፈበት ቀን

ለውድ ወንድም ጋሼ ሮሜል፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ምግብህ እንዴት ነው? ሲንጋፖር ሙቀቱ በርትቷል ይላሉ፤ መርከብ ሆድ ውስጥ ገብቶ ለሚበይድ ሰውማ እንዴት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ከሁሉም በላይ ያ ብየዳው ያቃጠለው እጅህ እንዴት ሆነ? በስልክ ስጠይቅህ ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ደህና ነኝ» ብለህ ወሬውን ወደ እማዬ ጉልበት ታዞረዋለህ። በዚህ ዘመን ቁጭ ብዬ ደብዳቤ የምጽፍልህ ለዚህ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማለቴ እነሱ ደህና ናቸው፤ የእኔ አንጀት ግን አርሯል።

ለጀልባ ቲኬት ቢሯችን ሰርቨር እንዲገዛ አለቃዬን ሚስተር ኢስካሎናን ስለምነው መክረሜን ታውቃለህ። የተሳፋሪው ሁሉ ስም የሚቀመጥበት ዳታቤዝ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነበርና አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል ብዬ ነው። ተገዛ። በተከልነው ማግስት ግን ቲኬት ቆራጯ ኔኔት «ይሄ ማሽንሽ ይተኛል እንዴ? እስኪመልስልኝ ፀጉሬን ሠርቼ እጨርሳለሁ» ማለት ጀመረች። አለቃችን ሰማ። «በሉ ይወዳደሩ። ከተሸነፈ ሰርቨሩም ወደመጣበት፣ አንቺም ወደ ቤትሽ» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

የእኛን ሰው ታውቀው የለ፤ ፈተናው ወዲያው የአውራ ዶሮ ግጥሚያ ሆነ። የወደቡ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ መጥተው ተወራረዱ፤ የተሸነፈ ለሁሉም አንዳንድ ሳህን ፓንሲት ይገዛል ተባለ። ዴስክቶፑን «የሰፈሩ ቀይ»፣ ሰርቨሩን «የውጭ ዝርያ» አሏቸው። አንዱማ የሰርቨሩን ጎን እያሻሸ «አይዞህ ወንድሜ፣ በአንድ ምት ነው የምትጥለው» ይለው ነበር። ኔኔትና ጓደኛዋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ የስም ዝርዝር መጻፍ ጀመሩ። ዴስክቶፑ ቁልፉ ከመነካቱ «ተመዝግቧል» ይላል። የእኔው ጉድ መጀመሪያ ትንሽ ያስባል። ሲያልቅ ጩኸቱ ለጉድ ነው። ፓንሲቱን እኔ ገዛሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ ሞከርኩ። ዴስክቶፑ ስሙን ዲስኩ ላይ ሳያሰፍር፣ መብራት ሲጠፋ ባዶ በሚሆነው ጊዜያዊ ማስታወሻው ላይ ይዞት ብቻ «ተመዝግቧል» ይላል፤ የሚጽፈው በኋላ ሲመቸው ነው። ሰርቨሩ ግን ዲስኩ ላይ መስፈሩን ሳያረጋግጥ ቃል አይወጣውም። «እዚህ አገር ደግሞ መብራት እንደልቡ ነው የሚጠፋው» አልኩ። ሚስተር ኢስካሎና አፉን በፓንሲቴ እንደሞላ «ዶሮው የተሸነፈበት ሰው መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል?» አለኝና ሁሉም ሳቁብኝ። ሰርቨሩ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። እኔን ምትክ እስኪያገኝ ብቻ አቆየኝ።

ባለፈው ዓርብ ወደ ሌይቴ ደሴት የምትሄደው ጀልባ ልትነሳ ስትል፣ ሰው መስኮቱ ላይ ተረባርቦ ሳለ፣ መብራት ጠፋ። የመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች ቲኬታቸውን ይዘው ሮጠው ተሳፈሩ። መብራት ሲመጣ የተሳፋሪውን ዝርዝር አተምን። ከሰዓት በኋላ የጀልባዋ ሞተር ባሕር መሃል ቆመ የሚል ወሬ መጣና ዘመድ ሁሉ ቢሯችንን ወረረው። በራችን ላይ የተጠበሰ ሙዝ የሚሸጡት እማማ ፓሲንግ የልጃቸውን ስም ከዝርዝሩ እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ። ፈለግኩ፤ የለም። «እኔው ነኝ የሸኘሁት፣ ልጄ። ጀልባዋ ላይ ከሌለ ታዲያ የት ነው ያለው?» አሉኝ። ኔኔት ከኋላዬ «እኔ ራሴ ነኝ የቆረጥኩለት፣ ተመዝግቧል ብሎኛል» እያለች ታለቅሳለች። እማማ ፓሲንግ ግን ሁለታችንንም አላመኑንም። ጀልባዋ ተጎትታ እስክትገባ እጄን ጭምቅ አድርገው እንደያዙ ቆዩ። ልጃቸው ምንም ሳይሆን ሲወርድ ጫማቸውን አውልቀው ጀርባውን መቱት፤ ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ።

አለቃችን በማግስቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንዲህ መሆኑን ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» ሰርቨሩ ተመልሶ ተተክሏል፣ እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን የለም፤ ኔኔትም ዛሬም ቀርፋፋ ትለዋለች። ንዴቱ አልወጣልኝም።

ወንድም ጋሼ፣ እማማ ፓሲንግ እጄን ይዘው ሳሉ የማስበው ስለ አንተ ነበር። አብሮህ የሚኖረው ኔስቶር ለሚስቱ ነግሯት፣ እሷ ለእኔ ነግራኛለች፤ የምትበላው በግራ እጅህ ነው፣ ወደ ብየዳውም አልተመለስክም። «ደህና ነኝ» የሚለው ፈጣን መልስህ አስጠልቶኛል። ጊዜህን ወስደህ እውነቱን ጻፍልኝ። ቢዘገይ እጠብቃለሁ።

እማዬ ጉልበቷ ተሽሏት ትስምሃለች፤ ስለ እጅህ አልነገርኳትም። አባዬ አዲሱ አውራ ዶሮው ከእኔ ሰርቨር እንደሚሻል ንገሪው ብሎኛል። ልጅህ ጂንኪ የሳለችልህን ጀልባ አብሬ ልኬልሃለሁ። ለኔስቶር ሰላምታዬን አድርስልኝ። መልሱን በራስህ እጅ ጻፈው። መያዝ ካቃተህ ኔስቶር ይጻፍልህ፤ ጽሑፉን ሳየው ይገባኛል፣ አልቆጣህም።

እህትህ ማሪቪክ
ኡባይ፣ ቦሆል
ኦገስት 14 ቀን 2018