ከወንበር ቆዳ የሰፋኋት ከረጢት

ውድ ዌንደል፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ላንተ ልንገርህ፤ ከእንግዲህ አታቋርጠኝም። ቀብርህ ላይ ያላለቀስኩት ሐዘን አድርቆኝ አልነበረም። ተናድጄ ነበር። ፓስተሩ «ትሑት ሰው ነበር» ሲል፣ የፋብሪካው አለቆች ፊት ለፊት ተደርድረው ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ የሬሳ ሳጥንህን እጀታ አይ ነበር። ሴቶቹ እየመጡ «አይዞሽ ሜቪስ፣ ጠንካራ ነሽ» አሉኝ። ጠንካራ አልነበርኩም። አፌን ብከፍት የሚወጣው ለቅሶ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው ዝም ያልኩት።

ከበረዶው ጋር ንዴቱም ይሄዳል ብዬ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን አንድ ሰው ኬክ ይዞ በሬን አንኳኳ።

ክሬግ ይባላል፤ የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ነው። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሳሎን ገብቶ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ኦስትራንደር፣ አዲሱን የዲዛይን አዳራሽ በባለቤትዎ ስም ሰይመነዋል። ቅዳሜ ይመረቃል። ሪባኑን እርስዎ ይቆርጡልናል፤ ጥቂት ቃልም ይናገራሉ።»

«እሺ» አልኩት።

«አንድ ነገር ደግሞ ልንለምንዎት ነበር። ያቺ ዝነኛዋ ከረጢት አሁንም አለች? መስታወት ውስጥ እናስቀምጣታለን። ታሪኳ እኮ በጣም ያስቃል! ጎብኚው ሁሉ ይወዳታል።»

ያስቃል አለኝ፣ ዌንደል።

ከረጢቷን የሰፋኋት እኔ ነኝ። የሜዶላርክ ንድፍ የተጀመረ ሰሞን ነበር። ፋብሪካው ሰው አጎንብሶ የሚገባባትን ትንሿን ጄት መሥራት ሰልችቶት፣ ትልቋን ደግሞ የሚገዛው ስለጠፋ፣ መካከለኛ ይሁን ተባለ፤ ስምንት ነጋዴ የሚቀመጥባት፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምባት፣ ከአንዱ ባሕር እስከ ሌላው ባሕር ሳታርፍ የምትደርስ። ስሟን ያወጣኸው አጥራችን ላይ ቆማ በምትዘምረው ደረተ ቢጫ ወፍ ነው። ክንፏን የነደፍከው የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው። እኛ ሳህን ጭናችን ላይ አድርገን እየበላን ክንፉ ጠረጴዛው ላይ ከረመ።

እኔ ወንበር ስፌት ክፍል ነበርኩ። ሙሉውን የተሳፋሪ ክፍል በእንጨት ሠርታችሁ ስትጨርሱ እኛን ሰፊዎቹን አምጥታችሁ አስቀመጣችሁን። አንተ ደረቅ ቾክ ይዘህ ወለሉ ላይ ተንበርክከህ «ጉልበትሽ ይነካል?» አልከኝ። «ይነካል» አልኩህ። አሰመርክ። ሳምንት ሳይሞላ ግድግዳው ተገፍቶ አገኘሁት። ስለ ጉልበቴ ብለህ ጄት ያንቀሳቀስክ መሰለኝ። ያኔ በጣም ወድጄህ ነበር። ይህም እውነት ስለሆነ ይጻፍ።

ጠላታችሁ ክብደት ነበር። «አንድ ፓውንድ ብረት ስትጨምር አንድ ፓውንድ ነዳጅ ታወርዳለህ» ትል ነበር፤ ለጎረቤትም፣ ለሥጋ ሻጩም ሳይቀር። አንድ ቀን ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች የተረፈ የክሬም ቀለም ቆዳ አምጥተህ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ከረጢት ስፊልኝ አልከኝ። በደቀቀ እርሳስ ብረት ሞላሃት። ሕጉንም አወጣህ፤ አውሮፕላኗ ላይ ክብደት እንዲጨመር የጠየቀ ሰው ከረጢቷን ያጠልቃል፤ ወይ ያንኑ ያህል ከሌላ ቦታ እስኪቀንስ፣ ወይ ጥያቄውን እስኪተው አያወልቃትም። ሥራ ቦታ፣ ምሳ ላይ፣ ቦውሊንግ መጫወቻው፣ የትም።

ያስቅ ነበር፤ አልክድም። ጊልበርት፣ መሣሪያዎቹን የሚያነበው የሙከራ መሐንዲስ፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አጥልቋት መጣ። ፓስተሩ ደጃፍ ላይ «ወንድም ጊልበርት፣ የተሸከምከው ኃጢአትህን ነው?» ቢለው «አይ ፓስተር፣ የቡና ማፍያ ነው» አለው። ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚህች ከረጢት ምክንያት ሜዶላርክ ቀለለች። በዚህች ከረጢት ምክንያት ሰዎች መጠየቅ ተዉ። ይህን ሁለተኛውን ነገር ግን ቅዳሜ መስታወቱ ላይ አይጽፉትም።

አሁን ወደ ሮላንድ ፔቲ ልምጣ። ስሙ ሲነሳ ክፍሉን ለቀህ ትወጣ ነበር፤ አሁን የምትወጣበት የለህም።

ሮላንድ ትራክተር ላይ ያደገ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ እናንተ የነደፋችሁትን መጀመሪያ የሚያበር እሱ ነው። ሚስቱ ቬርና የጎን ጎረቤቴ ነበረች። ኮክ አብረን በጠርሙስ እናሽግ ነበር፤ የጠርሙስ ክዳን ሲጠብቅብኝ እንድትከፍትልኝ ከአጥሩ በላይ የማቀብለው ለእሷ ነው። በዚያ በጋ የሮላንድ ሥራ የሜዶላርክን አፍንጫ ቀስ እያደረገ ማንሳት ነበር፤ ክንፏ አየር መያዝ እስኪያቅተውና መውደቅ እስክትጀምር ድረስ፤ ከዚያ መመለሷን ማየት። አልመለስ ካለች እንዲጎትታት ጭራዋ ላይ ፓራሹት ታስሮላት ነበር።

ስንዴው ታጭዶ ባለቀበት ሳምንት የሙከራውን ክፍል ሁሉ ጓሯችን ጠራህ። ጎድን እየጠበስክ፣ ጀርባህን ሰጥተህ፣ እንደ ቀልድ ተናገርከው።

«ያ የጭራ ፓራሹት ሰኞ ይወርዳል።»

ሮላንድ ሹካውን አስቀመጠ። «የቀሩትን ሙከራዎች ሳንጨርስ?»

«የቀሩት ጥቂት ናቸው።»

«የቀሩት ጭነቱ ወደ ኋላ ተደርጎ የሚሞከሩት ናቸው ዌንደል። ክፉዎቹ እነሱ ናቸው። እስኪያልቁ ፓራሹቱ ይቆይ።»

«ገዢዎቹ መስከረም ላይ ይመጣሉ። ያን ሁሉ ብረት ጭራዋ ላይ አንጠልጥዬ ስንት ማይል ትሄዳለች ልበላቸው?»

«አብራሪዋ በሕይወት አለ በላቸው።»

እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። አንተ ግን መቆንጠጫህን ወደ ላይ አንስተህ ጮኽክ፦ «ስሙኝ! ሮላንድ ክብደት ጨመረ! ሜቪስ፣ ከረጢቷን!»

እኔም አመጣኋት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ከምትሰቀልበት ምስማር አውርጄ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጄኔራል ወታደር እንደሚሸልም አድርጌ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። እየሳቅኩ። ያየው አንተን አልነበረም፤ እኔን ነው ያየኝ። ጊልበርት «ማታ ትራስህ ስር አድርጋት፣ ባታድንህም ታሞቅሃለች!» ሲል ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ቬርና አልሳቀችም። እጇን የባሏ ጉልበት ላይ አደረገች።

ሮላንድ ኬኩን ከረጢቷ አንገቱ ላይ እንዳለች በልቶ ጨረሰ። ሊሄዱ ሲነሱ አውልቆ ሳህኑ አጠገብ አኖራት። «እሺ። ይውረድ» አለ። አንተ ትከሻውን መታ መታ አደረግከው። ያቺን ነገር ማውለቅ የሚቻለው የጠየቁትን በመተው ብቻ ነበር፤ ሕጉን ያወጣኸው ደግሞ አንተ ነህ።

ፓራሹቱ ከወረደ በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጊልበርት እንደ ልማዱ መሣሪያዎቹን ሊያነብ ደረጃውን ሲወጣ ሮላንድ መለሰው። «ውረድ። ክብደት እየቀነስኩ ነው» አለው። ይህን የነገረኝ ራሱ ጊልበርት ነው። እንግዲህ ሮላንድ አውቆ ነበር። አውቆ ሄደ፤ ጊልበርትን ግን ይዞት አልሄደም።

ሜዶላርክ ከከተማው በስተምሥራቅ የታጨደ ማሳ ላይ ወደቀች። ያየ ገበሬ በአፍንጫዋ አልመጣችም አለ፤ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆና፣ ቀስ እያለች የምትመጣ መስላ ወረደች።

የፋብሪካው ሪፖርት «አብራሪው ከታዘዘው በላይ አፍንጫዋን አንስቷል» አለ። ስለ ፓራሹት አንድም ቃል የለውም። ከታች የአንተ ፊርማ አለ። ሥራው ሲቆም ብዙ ሰው ከፋብሪካው ተቀነሰ፤ የተቀነሰው ሁሉ ሮላንድን ረገመ። ገበያ ላይ «የዚያ አውሮፕላኗን የሰባበረው ሰውዬ ሚስት» እየተባለች ቬርና ስትታይ ሰው ሌላ መደርደሪያ ይመርጥ ጀመር። ጓሯችን ውስጥ የበላው ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል። ሁሉም ደመወዝተኛ ነበር። እኔም።

ሥጋና ጥቅል ጎመን የታጨቀበት ዳቦ፣ ቢሮክ፣ ጋግሬ፣ ትኩሱን በጨርቅ ሸፍኜ ደጃፏ ሄድኩ። በሩን በጥቂቱ ከፈተችው።

«ሜቪስ፣ አንቺም ስቀሻል» አለችና ዘጋችው።

በመከር ወር ዕቃዋን ጭና ግሬት ቤንድ እህቷ ዘንድ ሄደች። አጥሩ ላይ ክዳን የማቀብላት ሰው ከዚያ ወዲህ የለኝም።

ዘጠነኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሴት መሆኔን ታውቃለህ። ከሥራ ስወጣ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ፣ መዝገበ ቃላት በግራ፣ የአውሮፕላን መጽሐፍ በቀኝ አድርጌ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። አንተ ለእንግዳ «ሚስቴ ያላነበበችው የለም» እያልክ ትኮራብኝ ነበር። ምን እንደማነብ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ጭራዋ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጄት አፍንጫዋ ከልክ በላይ ሲነሳ፣ ከክንፉ የሚወጣው የሞተ አየር ጭራውን ይሸፍነዋል፤ መሪው እጅ ላይ ባዶ ይሆናል። ገባኝ። በቆሎ እየበላህ ሳለ ጠየቅኩህ፦ «ፓራሹቱ ቢኖር ሮላንድ ይተርፍ ነበር?»

በቆሎውን ቅቤ እየቀባህ፣ ቀና ሳትል፣ «ሜቪስ፣ አንቺ ስፌትሽን ስፊ» አልከኝ።

ሰፋሁ። ሁለተኛዋን ሜዶላርክ፣ ሦስተኛዋን፣ ከዚያ በኋላ የወጡትን ሁሉ ወንበራቸውን ሰፋሁ። እነዚያ ሁሉ ከጭራቸው ስር ሁለት ትንንሽ ክንፎች ነበሯቸው፤ ሮላንድ እንደሞተው ሰው እንዳይሞት አንተ የጨመርካቸው። ከፓራሹቱ እምብዛም እንደማይቀሉ ራስህ ነግረኸኛል። ለእነሱ ማን ከረጢት አጠለቀ? ንገረኝ፣ ማን? ያን ጊዜ ክብደት መጨመሩ ሥርዓት ሆነ፣ ብልሃት ሆነ፣ ሽልማት ተሰጠህ። ከረጢቷ ከሮላንድ ወዲህ ከምስማሯ ወርዳ አታውቅም።

ማክሰኞ ዕለት አውርጄ ለክሬግ አስያዝኩት።

«ውይ፣ ትከብዳለች!» አለ እየሳቀ።

«ትከብዳለች። መስታወቱ ላይ የሮላንድ ፔቲ ስም ይጻፍ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጠለቃት እሱ እንደሆነና ለምን እንዳጠለቃት ይጻፍ። ከዚያ ውሰዷት።»

ነገርኩት። ሁሉንም። ፊቱ እየቀላ ሄደ።

«ወይዘሮ ኦስትራንደር… የድሮ ሪፖርት ነገር የጠበቆቹ ጉዳይ ነው። እኛ አዳራሹ ደስ የሚል እንዲሆን ነው…» እያለ ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ ሊያኖራት ጎንበስ አለ።

«አያስቀምጧት! ሕጓን አያውቁም እንዴ?»

«የትኛውን ሕግ?»

«ያሉትን ካልተዉ አትወርድም።»

ትንሽ ቆመ፤ እጁ ሲዝል አየሁት። ከዚያ ወንበርህ ላይ፣ የተኛች ድመት እንደሚያኖር ሰው፣ ቀስ አድርጎ አኖራትና «ቅዳሜ እንገናኛለን» ብሎ ወጣ። ኬኩን አልቆረስኩትም።

አርባ ዓመት አንድ ቃል መናገር ትችል ነበር። ሆስፒታል ተኝተህ እጄን ይዘህ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ አወራኸኝ። ጣሪያው! እኔም ያንን ሁሉ ዘመን አፍ ነበረኝ፤ ንዴቴን አንተ ላይ ብቻ ብከምረው ይቀለኝ ነበር፤ ግን ያጠለቁት እጆች የኔ ናቸው፣ ሳቁም የኔ ነበር። አንተን ይቅር አላልኩህም። እኔንም ማንም ይቅር እንዲለኝ አልጠይቅም።

ነገ ማለዳ መኪናውን አስነስቼ ቬርና ወዳለችበት ግሬት ቤንድ እሄዳለሁ። ከረጢቷ ጎኔ ትቀመጣለች። ቅዳሜ የፊት ወንበር ይዘውልኛል፤ ቃል ተናገሪም ብለውኛል። እነዚህን ገጾች ተነስተሽ አንብቢ ከተባልኩ፣ ከተማው ሁሉ ፊት፣ ስምህ ከተጻፈበት ግድግዳ ስር አነባቸዋለሁ። አቃጥያቸው ከተባልኩ እዚያው ጓሮዋ አቃጥዬ እመለሳለሁ፤ ሪባኑን ግን ሌላ ይቁረጠው። የምትወስነው አንድ ሰው ናት። በሩን ባትከፍትልኝ፣ እስክትከፍት ደጃፏ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከረጢቷን አንገቴ ላይ አጥልቄ።

አንተ ይህን አታነበውም። ብታነበውም መሃሉ ላይ ሳትደርስ «ሜቪስ፣ ቀንሺው» ትለኝ ነበር።

አልቀንስም።

ሚስትህ የነበርኩት፣
ሜቪስ

በእጅ የሚሰጥ። ይድረስ ለቬርና ፔቲ።