በሐጂ መኪና የሞላኸው ቤንዚን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ ባዬ፣ ጎንደር።

ወንድም ጋሼ፣ ለመሆኑ እንደምን አለህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ የአውቶቡሱን መንገድ ቻለው ወይ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? እህልስ ይወርድልሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለጤናህ ሳስቼ ብቻ አይደለም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝና እህል የዘጋብኝ ነገር አንተንም ትንሽ ነክቶህ እንደሆነ ለማወቅ ነው። እኔ፣ ሳራና ሕፃኗ ገሊላ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም፤ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል።

በወረቀት የመጣሁብህ ስልኩን ሁለት ጊዜ ጆሮዬ ላይ ስለዘጋኸው ነው። ወረቀት አይዘጋም። እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ጎረቤታችን የሆነችው ናርዶስ ለዘመዷ ሠርግ ወደ ጎንደር ስለምትመጣ በእጅህ ትሰጥሃለች። አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ከፊትህ እንዳትነሣ አደራ ብያታለሁ፤ ስለዚህ መነጽሬን አጣሁት የምትለው ምክንያት እዚያ ጋ አይሠራም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ለገሊላ ክርስትና ከጎንደር ድረስ ስትመጣልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚህ አገር ሃያ ዓመት ስኖር ከቤተሰቤ የመጣልኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንድሙ መጣለት እያለ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድሁ። ከዚያ የክርስትናው ማግስት ወባው ጣለኝ። ከተኛሁበት አራት ቀን ውስጥ ዛሬ የማስታውሰው የክፍሌን ግድግዳና የሳራን እጅ ብቻ ነው።

እዚህ አገር እኛ ሾፌሮች ስንታመም ቦታችንን ባዶ አንተወውም፤ ከተውነው ሌላ ይገባበታል። ወንድም ያለው ወንድሙን፣ የሌለው የአገሩን ልጅ ምትክ ይልካል። ምትኩ ሲያጠፋ ያጠፋው ላኪው ነው፤ ሲመሰገንም የሚመሰገነው ላኪው ነው። ይህን ትኩሳቱ ሳይጠናብኝ በደንብ አስረድቼህ ነበር። አንተ ግን ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ለአንዲት የቤት መኪና ትምህርት ልትሰጠኝ ነው ወይ ብለህ ሳቅህብኝ። አሠሪዬ ሐጂ አብዱልወሃብም ከሰፈሩ እንዳትወጣና እናታቸውን ሐኪም ዘንድ እንድታመላልስ ብቻ ብለው፣ የእኔን ቃል አምነው ቁልፋቸውን ሰጡህ።

ያቺ ጥቁር የጀርመን መኪና የአንተ አሮጌ ካሚዮን አይደለችም። የቤንዚን መክደኛዋን ስትከፍት ምን እንደሚሞላባት ውስጡ ላይ ተጽፏል። ማደያው ሁለት ዓይነት ቤንዚን ይሸጣል፤ አንዱ ዓዲ የሚሉት ተራው፣ ሌላው ሙምታዝ፣ ማለትም ምርጥ፣ የሚሉት ውዱ። ተራው ረክሻ ለሚሉት ባጃጅና ለታክሲ፣ እንደኔ ላለውም ሰው መኪና ይሆናል፤ ነውር የለበትም። የእሷ ሞተር ግን በተራው ሲሠራ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ውስጧን ይደበድባታል። ውዱ ለጉራ የሚገዛባቸው መኪኖች መኖራቸውን እኔም አውቃለሁ፤ ባለቤቶቹ ማደያው ላይ ለመታየት ሲሉ ነው የሚሞሉት። የሐጂዋ ግን ከእነዚያ አይደለችም፤ እሷ ሠሪዎቿ እንዲህ ብለው የሠሯት ናት።

በታመምሁ በሦስተኛው ቀን ሐጂ ገንዘቡን ሰጥተው ሙምታዝ ሙላ አሉህ። ዐረብኛ ባታውቅም ያቺን ቃል ይዘሃት ነበር፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ ሙምታዝ ሆነ እያልህ ለሳራ ትቀልድ እንደነበር ነግራኛለች። ማደያው ደርሰህ ግን ተራውን ሞላህ። ደረሰኙንና የተረፈውን ገንዘብ አንድ ላይ ጠቅልለህ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከተትህ። ሌባ እንኳ ብትሆን በገባኝ ነበር። ሌባ ለኪሱ ይሠራል፤ አንተ ለማን እንደሠራህ ግን ልደርስበት አልቻልሁም።

አንተ ወደ አገርህ በተነሣህ ማግስት እኔ ድኜ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። የሐጂን እናት ሐጃ ዛሂራን ከሁለት ሴቶች ጋር ለልቅሶ ወደ ኦምዱርማን ይዣቸው ስሄድ፣ ድልድዩን መውጣት ስንጀምር ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር፤ ጠጠር የገባበት ቆርቆሮ ይመስል ነበር። ቢጫ መብራት በራ፣ ጉልበቷም ከዳት። ከኋላ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሴቶቹ ቁርኣን ይቀራሉ፣ ሐጃ ዛሂራ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ደረታቸውን ይዘው ያ ረብ፣ ጌታ ሆይ ይላሉ። እንደምንም እየጎተትሁ አሻገርኋቸው።

ማታውን ሐጂ ጠሩኝና ምን ነበር የተሞላው ብለው ጠየቁኝ። ሙምታዝ ነው አልሁ። እርግጠኛ ነህ ወይ አሉኝ። እንግዲህ ባዬ፣ እዚህ ላይ ደኅና አድርገህ አንብብ። ከዋሸሁ ልጄን ገሊላን ያሳጣኝ ብዬ ማልሁ። ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ በልጅ አይማልም ብለው እጃቸውን አነሡ። እኔ ግን ደገምሁት። ማንም አላስገደደኝም። በአንተ ተማምኜ፣ አፌን ሞልቼ፣ የሰማንያ ቀን ክርስትናዋን ገና ያነሣናትን ልጅ ስም ጠርቼ ማልሁ።

በማግስቱ መካኒኩ ቤንዚኑን ቀድቶ አየና ተራ ነው አለ። ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ተቀይሮ ውዱ ሲሞላ ይስተካከላል አለ፤ ተስተካከለም። ነገር ግን መሳቢያው ሲከፈት ደረሰኝህ ወጣ። ሐጂ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና ምንም ሳይቆጡ አዩኝ። ስለ ቤንዚኑ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወላሂ ገዛኸኝ፣ ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለልጅህ ብለህ እውነቱን ብትናገር ምን ነበረበት አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሞላው ወንድሜ ነው ብዬ ነገርኋቸው። አላመኑኝም። ያ ሽማግሌ እንግዳዬ ነበር፣ በእንግዳ ላይ አታሳብብ አሉኝ። እንዴት እንደወደዱህ ታውቃለህ፤ በእጅህ አብረሃቸው በልተሃል። በመጨረሻም የሞላው ሰው በገዛ አፉ እኔ ነኝ ይበለኝ፣ ያን ቀን ቁልፍህን ትወስዳለህ ብለው ቁልፉን ከእጄ ተቀበሉ። አሁን መኪናዋን የሚነዳት ሳዲቅ የሚባል የእህታቸው ልጅ ነው። እኔ በሩን እየከፈትሁ እዘጋለሁ፣ አትክልት አጠጣለሁ። አሥራ አራት ዓመት የያዝሁትን ቁልፍ ሌላ ሰው ጣቱ ላይ ሲያሽከረክረው ቆሜ አያለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴን በየዓመቱ የሚያሳድሱልኝ እሳቸው ናቸው፤ እምነታቸው ከጠፋ ወረቀቱም የት እንደሚደርስ አንተው ገምት።

ታዲያ ደወልሁልህ። ለምን ተራውን ሞላህ ስልህ፣ ቤንዚን ቤንዚን ነው አይደል ብለህ ዘጋኸው። የወንድሙን እንጀራ የገመጠ ሰው መልሱ ይህ ነው? ደግሜ ደወልሁና ለሐጂ ንገርልኝ አልሁህ። እኔ ብነግራቸው አንተ ምን ትሆናለህ አልኸኝና ደግመህ ዘጋኸው። ምን እንደምሆንማ ልንገርህ፤ ቁልፌን አገኛለሁ። ለአንድ የባዕድ ሀብታም እኔ ታላቅህ ልንበርከክለት ወይ ብለህ እንደሆነ እንጃ። ኩራትህን አውቀዋለሁ፤ አባታችን በሞተ ጊዜም በዚሁ ኩራትህ ከአጎታችን ጋር ስድስት ዓመት ሳትነጋገር ኖረሃል።

ቤቴም ቤት አልሆነም። ሳራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ላይ ናት። ምግቤን ታቀርባለች፣ ዞር ትላለች። ምን ሆንሽ ስላት ምንም ትለኛለች። አንተ በሞላኸው ቤንዚን ሚስቴ ሳይቀር ፊቷን አዞረችብኝ። እስከ ታኅሣሥ አንድ ቀን ለሐጂ ደውለህ እኔ ነኝ ካላልህ፣ ወንድም አለኝ ብዬ ስምህን አልጠራም። ይህን በደንብ ያዘው።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍሁት ትናንት ነው። ዛሬ ናርዶስ ልትቀበለኝ ስትል፣ ከማሸጌ በፊት ለሳራ አነበብሁላት፤ እሷም ትስማማለች ብዬ ነበር። ቤንዚን ቤንዚን ነው የሚለው ጋ ስደርስ ልጅቷን አስተኛችና ይህማ የአንተ ቃል ነው አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ከማደያው ደውለህ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ እሷ ናት። የውዱ ሰልፍ መንገድ ድረስ ወጥቷል፣ የአሮጊቷ የሐኪም ሰዓት ደርሷል፣ የተራው ጋ ሰው የለም፣ ምን ላድርግ ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም በትኩሳት ውስጥ ሆኜ፣ ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ የፈለግኸውን ሙላ፣ ልተኛ ተወኝ አልሁህ። ከዚያ ሌላ ነገር እየቀባጠርሁ ተኛሁ። እሷ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ እኔ ምኑም ትዝ አይለኝም፤ አሁንም ድረስ ትዝ አይለኝም።

ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ አልኋት። እያወቅህ መስሎኝ ነው አለችኝ። ቁልፍህን ለማዳን ብለህ እያወቅህ በወንድምህ ላይ የምታላክክ፣ እያወቅህም በልጃችን የማልህ መስሎኝ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ብዬ እነጋገራለሁ አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ሚስቴ እኔን እንደዚያ ያለ ሰው አድርጋ ስታየኝ ከርማለች። አንተም እኮ እንደዚያው ነው ያየኸኝ። እውነቱን ለሐጂ ብትነግራቸው ያስሞላሁት እኔ ሆኜ እንደምገኝ አውቀህ ነው ዝም ያልኸው። እኔ ብነግራቸው አንተ ምን ትሆናለህ ያልኸኝ አሁን ነው የገባኝ።

ወረቀቱን ልቀድደው ነበር፤ ተውሁት። የጻፍሁብህን ክፉ ነገር ሁሉ እንድታየው ይሁን፤ ይገባኛል። ይቅር በለኝ፣ እግርህ ላይ ወድቄያለሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ ማለት ግን ንዴቴ አለቀ ማለት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው መክደኛውን ከፍቶ ማየት ሲችል የወባ በሽተኛ ቃል አይሰማም። ደግሞም ሁለት ጊዜ ስልክ ከምትዘጋብኝ አንድ ጊዜ አንተ እኮ ነህ ያልኸኝ ብለህ ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? ያን ብትል ኖሮ ይህን ሁሉ ቀን ስምህን በክፉ ባላነሣሁት።

ለሐጂ እንዳትደውል። ነገ ጠዋት እኔው ገብቼ ያስሞላሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ የታዘዘውን ነው ያደረገው እላቸዋለሁ። ወይ ቁልፉን ይመልሱልኛል፣ ወይ በሩን ያሳዩኛል። የትኛውም ቢሆን ሳራ ልጅቷን አዝላ አብሬህ እሄዳለሁ፣ እንዲያውም እቀድምሃለሁ ብላለች።

እናታችንን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ስለ መሐላው ግን እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች። ባለቤትህን እትዬን ለገሊላ የላከችው ጋቢ ሙቀቱ ለዚህ አገር ባይሆንም አልጋዋ ላይ ተነጥፏል በላት። ልጅህ ስለሺ በትምህርቱ ይበርታ፤ ሾፌር እሆናለሁ ካለህ በዱላ መልሰው። ትንሿን ማሩን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ሳራ በጣም ናፍቀኸኛል፣ ይቅር በለው ትልሃለች።

አንድ ነገር ለምኜህ ላብቃ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የልጄን የክርስትና ስም፣ ወለተ ገብርኤልን፣ አንተ ጥራልኝ። እኔ በዚህ አፌ ልጠራው ፈርቻለሁ።

ታናሽ ወንድምህ ገዛኸኝ

ካርቱም፣ ዴም
ኅዳር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.