ከስላይዱ የተረፈው ተራራ

ሰኔ 4 ቀን 2005፣ ቦኬ

ገበያ ነው። ቢሮ ሰው የለም። ደስ አለኝ፣ የሚነዘንዘኝ ስለሌለ ሥራዬን ጨረስኩ።

ከለገ ዲማ መንደር ማዶ ጉብታው ላይ እየተራመድኩ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ኮምፒዩተሩ ላይ ገጣጠምኩና አንድ አደረግኳቸው። ረጅም ሆኖ ወጣ። ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከሥሩ ቤቶቹ፣ ጫቱ፣ ማሽላው። ከቤቶቹ በላይ ስንጥቁ። በሙሉ መጠኑ ሲያዩት ያስፈራል። አምና እግር የማያስገባ ነበር፤ ዘንድሮ ፍየል ገብቶበት በገመድ ነው ያወጡት። ክረምቱ ሲጠነክርስ?

ከስንጥቁ ሥር ካሉት ቤቶች አንዱ የአዴ ሞሚና ነው። የወረዳው የመሬት ባለሙያ ሆኜ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን፣ ማንንም ሳላውቅ ስታመም፣ ቤቷ አስተኝታ ያስታመመችኝ። አንቱ ብላት ተቆጥታ አስተወችኝ፤ አዴ፣ እናቴ፣ ነው የምላት። ባሏ ኦቦ ዓሊዩ ስንጥቁን በድንጋይና በአፈር እየሞላ ጫት ይተክልበታል። አደገኛ ነው ስለው ሳቀብኝ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ይመረጋል፣ መሬት ሲሰነጠቅ ይደፈናል አለኝ።

ፎቶውን ጠጋ አድርጌ ሳየው እሱም አለበት። ጫቱ መሃል፣ ነጭ ኮፊያ፣ ጎንበስ ብሎ።

ሰኔ 11፣ ጭሮ

ዛሬ ነበር የማቀርበው። ሰዎቹ ከዚያ እንዲነሱ መወሰን የሚችሉት የዞኑ ኃላፊዎች እዚህ ናቸው... ለዚህ ቀን ነው የደከምኩት።

ተራ የተሰጠኝ ከምሳ በኋላ። በዚህ አገር ከምሳ በኋላ በርጫ እንጂ ስብሰባ እንደሌለ እስካሁን አልገባኝም? ግማሹ ሰው ጫቱ ጋ ሄዷል፤ የቀረውም ልቡ እዚያ ነው።

ፎቶው ለስላይዱ ረዘመ። ከላይ ርዕስ ግዴታ፣ ከታች ዓርማ ግዴታ። በመሃል የተረፈው ቦታ ላይ እንዲገባ ሳሳንሰው ተራራው ቀበቶ አከለ። ስንጥቁ ክር። ሸራ ስለሌለ የሚያሳዩት ግድግዳ ላይ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ራሱ ተሰንጥቋል!

ሰብሳቢው አቶ ኃይለየሱስ አንገታቸውን አሰገጉ። “የቱ ነው ስንጥቁ? ይሄ የኛ ግድግዳ አይደለም እንዴ?”

ሳቁ። ሄጄ በጣቴ ላሳይ ስል ጥላዬ ተራራውን ሸፈነው። ይባስ ሳቁ። ቀጣይ አሉ።

ሰኔ 12

እኔ ብሆን አልስቅም ነበር? እስቃለሁ። ግን አዴ ሞሚና ትዝ ትለኛለች...

ሰኔ 14፣ ጭሮ

አልተመለስኩም። ሳልጨርስ ምን ብዬ እመለሳለሁ?

ፎቶውን ቆራርጬ በየስላይዱ አደረግኩት። አንዱ ላይ ቤት፣ አንዱ ላይ ስንጥቅ፣ አንዱ ላይ ማሽላ። ማን ከማን በላይ እንዳለ አይታወቅም። ወደ ላይ ጎተትኩት፤ ተራራው ተለጥጦ ገደል ሆነ። ይህን ባሳይ አጋነነች ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ኮምፒዩተር ክፍል የሚሠራው ኦልጅራ አዘነልኝ። እኅቱን ሚልካን ነገ ይድራል፤ ሥራ በዝቶበት እንኳ ሻይ ጋበዘኝ። ነገ ቤተ ክርስቲያናችን ነይ፣ ፊትሽ ይፈታ አለኝ።

ሰኔ 16

ትናንት ሰርጉ ላይ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም።

የቤተሰቡን ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳዩ። ከገለምሶ፣ ከመቻራ፣ ከየት ከየት የመጣ ዘመድ ሁሉ በአንድ ረድፍ የቆመበት፣ ረጅም ፎቶ። እንደኔ ያሳንሰዋል ብዬ ስጠብቅ ኦልጅራ አላሳነሰውም። ትልቅ እንደሆነ፣ ግራና ቀኙ ከስላይዱ ተርፎ፣ ቀስ እያለ ያልፋል። አክስት መጣች፣ አለፈች። አጎት መጣ። እያንዳንዱ ራሱን ሲያይ እልልታ።

እንዴት አሰብከው አልኩት። “ካሳነስኳቸው እኮ ይኮራረፋሉ” አለኝ።

እኔ ደግሞ ተራራውን ስላይድ ውስጥ ልክተት ስታገል! ቢተርፍ ምን አለበት? ዛሬ አብረን ሠራነው። ርዕሱን አነሳን። ዓርማውንም። ይቆጡ።

ሰኔ 20፣ ጭሮ

ለምኜ ጠዋት አስገቡኝ። አዳራሹ ሙሉ ነበር።

ተራራው ግድግዳውን ሞላው። መሄድ ጀመረ። የግድግዳው ስንጥቅ ባለበት ቆሞ፣ የተራራው ስንጥቅ በላዩ አለፈ... አለፈ... አያልቅም። ከሥሩ ቤት፣ ቤት፣ ደግሞ ቤት። የሳቀ የለም። አቶ ኃይለየሱስ መነጽራቸውን አደረጉ። ሲያልቅ እንደገና አሳዪን አሉ።

“እነዚህ ሰዎች መነሳት አለባቸው” አሉ በመጨረሻ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ቀጠሉ። ሰኔ ነው፤ በጀት ተዘግቷል። መኪናም ድንኳንም ሐምሌ ሲገባ ይታያል አሉ። ይታያል! አሁን ያላየነው ነገር ቀረ?

ሰኔ 28፣ ቦኬ

ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ።

ሐምሌ 3

ጭሮ ደወልኩ። አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም አሉኝ። ሰኔ ተዘግቶ፣ ሐምሌ ሳይከፈት... ተራራው ይህን በምን ይወቅ?

ረመዳን ገባ ዛሬ። ኦቦ ዓሊዩ እየጾመ አፈር ተሸክሞ ስንጥቅ ይደፍናል አሉኝ።

አብጃለሁ መሰለኝ። ኦልጅራ የቤተ ክርስቲያናቸውን ፕሮጀክተር እንዲያውሰኝ ለመንኩት።

ሐምሌ 6፣ ለገ ዲማ

ኦልጅራ ራሱ ይዞት መጣ። ጄኔሬተር ከቦኬ በአህያ። ማዶ ጉብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ አንዱን ክፍል አስከፈትን፣ መስኮቱን በጆንያ ጋረድን። መንደሩ በሙሉ ገባ። ለካ ለማሳየት መጀመሪያ መምጣት የነበረብኝ እዚህ ነው!

ፎቶው መሄድ ሲጀምር ሳቅ ሆነ። ይቺ የኔ ቤት! ያቺ የነኩብራ! ኦቦ ዓሊዩን በኮፊያው ለዩት፤ ለፎቶ እንኳ ቀና አይልም እያሉ ቀለዱበት፣ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ቤቶቹ ያልፋሉ፣ ከላያቸው ያ መስመር አይቋረጥም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ... እያንዳንዱ በጓሮው ያለውን፣ የራሱን ትንሽ ስንጥቅ ነበር የሚደፍነው። ዳር እስከ ዳር አይቶት የሚያውቅ የለም። እኔም ነግሬያቸው አላውቅም፤ የሚያውቁት ይመስለኝ ነበር።

ኦቦ ዓሊዩ ተነስቶ ቆመ። “የኔና የጎረቤቴ የመስዑድ ስንጥቅ አንድ ነው?”

“አንድ ነው ኦቦ ዓሊዩ። የሁላችሁም አንድ ነው።”

ከዚያ በኦሮምኛ ለሰዎቹ ተናገረ፤ ይህ በአፈር የሚሞላ አይደለም፣ እንውጣ አላቸው። ማንንም አልጠበቁም፣ ማታውኑ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤቱ ማምጣት ጀመሩ። አዴ ሞሚና ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ መጣች።

ሐምሌ 10

ሁሉም ትምህርት ቤቱ ነው። ጠባብ ነው፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ግን አሉ። ወንዶቹ ግን ንጋት ላይ ጫት ሊቆርጡ ይመለሳሉ። አትሂዱ አልኩ፣ ቀበሌውም ከለከለ። ኦቦ ዓሊዩ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ “ልጄ ባየች፣ ጫት ካልተቆረጠ ይህ ሁሉ ልጅ በምን ያፈጥራል?” አለኝ። የምሰጣቸው ዳቦ የለኝ።

ሐምሌ 15

ወረደ።

ጠዋት ነው። ድምፁን ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር። ቤቶቹ የሉም። ጫቱ የለም። ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ እናቶቹም፣ ሁሉም... ሁሉም አልልም። ሌሎቹ ወንዶች ተመልሰዋል፤ ኦቦ ዓሊዩ ግን ጫት ሊቆርጥ እንደወጣ ቀረ።

ሐምሌ 18

እየቆፈሩ ነው። አልተገኘም። አዴ ሞሚና አታለቅስም። ባለማልቀሷ ነው የከፋኝ።

ሐምሌ 24

ዛሬ መኪኖቹ መጡ። የሚጫን ዕቃ የለም።

ነሐሴ 5፣ ለገ ዲማ

ዒድ አለፈ። መቆፈሩም ቆሟል፤ ባለበት እንዳለ የቀብር ሶላት ሰግደውበታል።

አቶ ኃይለየሱስ ደወሉ። ለሪፖርት ያን ፎቶ ላኪ፣ አንድ ስላይድ ላይ እንዲገባ አነስ አድርጊው አሉ። እሺ አልኩ። አልላክሁም።

ከሰዓት አዴ ሞሚና መጣች። ያንን ፎቶ አሳዪኝ አለች። ላፕቶፑን ከፈትኩላት። ዓይኗን አጠበበች፤ ትንሽ ነው፣ አይታየኝም አለች። ፕሮጀክተሩን ኦልጅራ እስካሁን አልወሰደውም። ጄኔሬተሩን አስነሳሁ፣ ጆንያውን መስኮቱ ላይ መለስኩ።

ተራራው ግድግዳውን ሞልቶ መሄድ ጀመረ። የነኩብራ ቤት አለፈ። የመስዑድ አለፈ። የሷ ደረሰ።

“ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ጋ አቁሚልኝ።”

አይቆምም። እስከ ጫፍ እንዲሄድ ብቻ ነው የሠራሁት... እያየነው አለፈ። ማስኬጃውን አጠፋሁና ፎቶውን ራሱን ጎትቼ፣ አሳድጌ፣ የሷን ቤትና ጫቱን ብቻ ግድግዳው ላይ አስቀረሁ። ተራራው፣ ስንጥቁ፣ ሌላው ሁሉ ከስላይዱ ውጭ ቀረ። ነጩ ኮፊያ መሃል ላይ መጣ።

ወደ ግድግዳው ቀረበች። ጥላዋ እንዳይሸፍነው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ጄኔሬተሩ ነዳጁን እስኪጨርስ አላጠፋሁትም።